በእኛ ቤት ጨዋ አልተወለደም

«ለወጠቻት ነው የምላችሁ! ነፍሷን ሰጥታ ሕፃኗን ለወጠቻት!»

እትዬ ወርቅዬ ይህን ወሬ ከጠዋት ጀምሮ ድንኳኑ ውስጥ ለገባ ለቀስተኛ ሁሉ እያደሉ ነው። ንፍሮ ሳይደርሰው የወጣ ሰው አለ፤ ወሬው ሳይደርሰው የወጣ ግን የለም። ጠዋት ላይ ሟቿ እማማ ኮከብ «ጌታ ሆይ፣ እኔን ውሰድና የልጄን ልጅ ተዋት» ብለው ጸለዩ ነበር የተባለው። ረፋዱ ላይ ጸሎቱ እንባ ተጨመረበት። ምሳ ሰዓት ላይ ጾም። አሁን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሰማይ «እሺ» የሚል ድምፅ ተሰምቷል። የሰሙትም እትዬ ወርቅዬ ራሳቸው ናቸው፤ ከአጥሩ ማዶ፣ በራሳቸው ግቢ ሆነው ልብስ ሲያሰጡ።

«እትዬ ወርቅዬ ልብስ ካጠቡማ» አለች ሶሊ በሆዷ፣ «ሰማይ ብቻ ሳይሆን ምድርም ቢናገር አይገርምም።»

በሆዷ ነው። ሶሊ የሟች ምራት ናት፤ ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ምራት ለቅሶ ቤት ውስጥ እንባ እንጂ አፍ የላትም። ሶሊ ደግሞ እንባው እንቢ ብሏታል፤ አፏ ነው የሚያሳክካት።

የምትጠባበት ሰዓት ደርሶ ሕፃኗን አመጡላት። ሆሳዕና አምስት ወሯ ነው፤ ያያት ሰው ግን ሁለት ነው የሚላት። ጩኸቱና ልቅሶው እንዳያስደነግጣት ተብሎ ከቀብሩ ዋዜማ ጀምሮ የምታድረው እትዬ ወርቅዬ ቤት ነው። ከጆሮዋ ሥር እስከ ጉንጯ ድረስ ቀይ ነገር አብጦ ወጥቶባታል፤ እንጆሪ የተለጠፈባት ነው የሚመስለው። ልጅቷ ብቅ እንዳለች የሴቶቹ ኀዘን ለጊዜው ተቋረጠ።

«ቀይ ሥር አምሯት ይሆናል፣ ነፍሰ ጡር ሳለች።»

«ጥሬ ሥጋ ነው እንጂ! አምሯት ሳትበላ ቀርታ ጉንጯን ነክታ ነው።»

«ቲማቲም ነው፤ የአክስቴ ልጅም እንዲሁ አላት።»

ሶሊ በእርግዝናዋ ጊዜ ያማራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው ዝም እንዲልላት። እሱም ቀለም የለውም።

«ጨዋነቷስ ብትሉ!» አለች ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወፍራም ሴት። «ይሄ ሁሉ ሰው እየጮኸ ዐይኗን እንኳ አልገለጠችም። መልአክ እኮ ናት!»

ሶሊ ቁልቁል አየች። ሕፃኗ ጡቱን አፏ ውስጥ እንደያዘች ተኝታለች። እጇን ከፎጣው ሥር አስገብታ እግሯን ነካች። ቀዝቅዟል።

ጨዋ። ይህችን ቃል እማማ ኮከብ ከቤታቸው ያባረሯት ከሦስት ወር በፊት ነበር።

ሆሳዕና የተወለደችው ሰባት ወሯን እንኳ ሳትደፍን ነው። «ወረፋ ሳትጠብቅ ገባች፤ በቃ የእኔ ዘር ናት!» ብለው ነበር እማማ ኮከብ፣ ማሞቂያው ውስጥ እንደ ቡጢ ተጨብጣ የተኛችውን የልጅ ልጃቸውን በመስታወት እያዩ። ቤት ከገባች በኋላ ጉንጯ ላይ ትንኝ የነከሳት የምትመስል ነጥብ ወጣች። ነጥቧ ውላ አድራ ሰፋች፣ አበጠች፤ ሆዷና ጀርባዋ ላይም ታናናሾቿን አስከተለች። ግን ማን አስተዋለ? ሁሉም የሚያወራው ስለ ዝምታዋ ነው። አታለቅስም። ለጡት እንኳ ቀስቅሰዋት ነው። አልፎ አልፎ ብታለቅስም ድምፅዋ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ ነው። የሶሊ ባል ዮኤል ለሥራ ባልደረቦቹ «ልጄ ሳይለንት ላይ ናት» እያለ ይመጻደቅ ነበር።

እማማ ኮከብ አጠና ተራ ውስጥ የባሕር ዛፍ አጠና ይሸጡ ነበር። ከሹፌር፣ ከጫኝና ከደላላ ጋር ሲሟገቱ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ከአጠና ተራ ተነሥቶ ያለ ታክሲ 18 ማዞሪያ ይደርስ ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ገብተው ሕፃኗን ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ ማዕድ ቤት ገብተው የድስት ክዳንና ጭልፋ ይዘው ተመለሱና አናቷ ላይ ደው ደው አደረጉት። ሶሊ ዘለለች። ዮኤል ዘለለ። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ሆሳዕና አንድ ዐይኗን ገልጣ አየችና መልሳ ከደነችው።

«ይቺ ልጅ ታማለች» አሉ እማማ ኮከብ።

«ኧረ እማዬ፣ ጨዋ ሆና ነው» አለ ዮኤል።

«በእኛ ቤት ጨዋ አልተወለደም!» ጭልፋውን ወደ ልጃቸው ቀሰሩት። «አባትህ ጨዋ ነበር? እኔ ጨዋ ነኝ? አንተ ስትወለድ አዋላጇ ጆሮዋን ይዛ ነው የወጣችው! አሁን ዝም ያልከው ጨዋ ሆነህ ሳይሆን ከእኔ ጋር ስትኖር ተራ አጥተህ ነው። እግሯን ንካው እስቲ፤ በረዶ ነው። ካካ ካለች ስንት ቀኗ? ምላሷን እየው፣ ለአፏ ሰፍቷታል። ሶሊ፣ ተነሺ፣ ልበሺ!»

ሆስፒታል ያገኟት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ቀያዮቹን ምልክቶች አንድ በአንድ አየች፣ ሆዷን በአልትራሳውንድ አየች፣ ደም አስወሰደች። ከዚያ አስቀምጣ ነገረቻቸው። ምልክቱ የደም ሥር ጥቅል ነው፤ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ፣ በተለይ በሴቶቹ ላይ፣ ይበዛል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርግም፤ ሲያድጉ ራሱ ይጠፋል። የሆሳዕና ግን ጉበቷ ላይም አለ፣ በርከት ብሎ። በዚህ የተነሣ የእንቅርት ዕጢዋ የምታመነጨው ሆርሞን ደሟ ውስጥ በጣም አንሷል።

«እንቅርት?» አሉ እማማ ኮከብ። «በዚህ ዕድሜዋ? እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!»

«አንገቷ አላበጠም፣ እማማ። ዕጢዋም ሥራዋን ትሠራለች። ጉበቷ ላይ ያለው የደም ሥር ጥቅል ነው ሆርሞኑን ወደ ሰውነቷ ሳይደርስ የሚጨርስባት።»

እማማ ኮከብ ጥቂት አሰቡ። «ገባኝ። ጫኚው ጭኖ ልኳል። መንገድ ላይ ያለው ደላላ ነው ዕንጨቱን ተራ ሳይገባ የበላው።»

ሐኪሟ ሣቀች። «እኔም ከእንግዲህ እንደዚህ ነው የማስረዳው። እንግዲያው አንዱ መድኃኒት ደላላውን ያቀጥንልናል። ሌላኛዋ ክኒን ደግሞ የተበላውን ጭነት ትተካለች። ክኒኗ መቋረጥ የለባትም፤ ልጅቷ አካሏም አእምሮዋም የሚያድገው በሷ ነው። ደላላው ሲቀጥን ክኒኗን እንቀንሳለን፣ ልጅቷ ስታድግ ደግሞ ሊጨመር ይችላል። ልኩን የምናውቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። ቀጠሮ እንዳትቀሩ።»

ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ክኒኗን በሁለት ማንኪያ መሃል ደቁሰው፣ በጠብታ ውሃ አሟሙተው የሚሰጧት እማማ ኮከብ ነበሩ። ሶሊን አያስነኳትም። ሕፃኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳ የሚሰነጥቅ ጩኸት የጮኸች ዕለት እማማ ኮከብ መሃል ቤት ቆመው አጨበጨቡ። «ሃሌ ሉያ! ስደቢኝ፣ የእኔ እናት! ስደቢኝ!»

አሁን እሳቸው የሉም፤ ልጅቷም ዝም ብላለች።

«እትዬ ወርቅዬ» አለች ሶሊ፣ ድንኳኑ ውስጥ ድምፅዋ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። «ክኒኗን ጠዋት ሰጧት?»

«አንቺ አታስቢ።»

ትናንትም ስትጠይቃቸው የመለሱት ይህንኑ ነው። በኮልፌ ሰፈር «አታስቢ» ያለ ሰው አድርጎታል ማለት ነው፤ ሶሊም አላሰበችም።

«ማሰቡን ተዉልኝ። ሰጧት ወይስ አልሰጧትም?»

«ተለውጣለች ስልሽ!» አሉ እትዬ ወርቅዬ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። «የዳነች ልጅ ኬሚካል ልጋታት? ኮከብ ነፍሷን የሰጠችው ለከንቱ ነው?»

«ሁለት ቀን ሙሉ?»

«በእምነት ነው፣ ልጄ!»

«እትዬ ወርቅዬ፣ እምነትዎን በራስዎ ደም ግፊት ይሞክሩት። የእርስዎን ክኒን ግን ዛሬ ጠዋት ከነሻዩ ሲውጡት አይቻለሁ!»

ወፍራሟ ሴት ሣቋን በነጠላዋ ያዘች። በዚህ መሃል ነው ጀማል የገባው። ጀማል ከእማማ ኮከብ ጋር ዘመኑን ሙሉ የተጨቃጨቀ የአጠና ጫኝ መኪና ሹፌር ነው፤ ትልቅ ሰውነቱን ይዞ በሩ ላይ እንደ ልጅ ይንሰቀሰቃል።

«አላህ ያጽናችሁ። እኔ እኮ ነኝ የገደልኳቸው! አጠናው ጎበጠ ብለው ተቆጡኝ። ‹አንተ እኮ...› አሉኝና እጃቸውን ወገባቸው ላይ እንዳደረጉ ወደቁ። ‹አንተ እኮ› ምን? ስድቡን ሳይጨርሱልኝ ሄዱ! ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ነው ያደርኩት።»

«አይዞህ» አለችው ወፍራሟ ሴት፣ «ምናልባት ሊያመሰግኑህ ይሆናል።»

«አይ፣ እሱስ አይደለም» አለ ጀማል እንባውን እየጠረገ። «ድምፃቸውን አውቀዋለሁ።»

ድንኳኑ ሣቅ በሣቅ ሆነ፤ የሣቀው ሁሉ ደግሞ ወዲያው አለቀሰ። ሶሊ ይሄኔ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ቤት የቀረውን ክኒን በሁለት ማንኪያ ደቁሳ ለልጇ ሰጠች። እጇ እንደ እማማ ኮከብ አልጨከነም፤ ግማሹ አገጯ ላይ ፈሰሰ፤ በጣቷ ጠርጋ መለሰችው። ዮኤል ተከትሏት ገብቶ ነበር።

«ነገ የደም ምርመራ ቀጠሮዋ ነው» አለችው ዞር ሳትል።

«ሶሊዬ፣ ነገ እኮ ሠልስት ነው። ጋሼ ዱባለ ከዳውሮ ዘመድ ሁሉ ጭነው ሌሊቱን ሲጓዙ ነው የሚያድሩት። የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። የሟችን ምራት ፍራሹ ላይ ካላገኟት...»

«ቀጠሮው ካለፈስ?»

ቀጠሮ ካለፈ ሌላው ቶሎ እንደማይገኝ ሁለቱም ያውቃሉ። በዚያ ላይ ሁለት ቀን ያለ መድኃኒት ነው የዋለችው።

«እሺ እኔ ልውሰዳት።»

«አንተ የሟች ልጅ ነህ። ጡት ደግሞ የለህም።»

በማግስቱ ጠዋት ሶሊ ፍራሽ የሚሞላው ሰው ሳይሰበሰብ ልትወጣ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አሰረች። ከግቢው ወጥታ ወደ አስፋልቱ መሮጥ ስትጀምር፣ አንድ አቧራ የለበሰ ቅጥቅጥ አውቶብስ ኩርባውን ዞሮ ፊት ለፊቷ ቆመ። በሩ ሲከፈት ጩኸቱ ቀድሞ ወረደ። ከጩኸቱ በስተኋላ ሴቶቹ፣ ከሴቶቹ በስተኋላ ወንዶቹ። የዳውሮ ዘመድ ነው።

ያዩት ምንድን ነው? ጥቁር የለበሰች ወጣት፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ዕቃ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ከለቅሶ ቤት እየሮጠች ስትወጣ።

«ምራቷ ናት! ኀዘኑ አናቷ ላይ ወጣ! ያዟት!»

ያልያዛት እጅ አልነበረም። አንዷ ወገቧን፣ አንዷ ክንዷን፣ አንዲት አሮጊት ደግሞ ቀሚሷን።

«ልጄ፣ ራስሽን እንዳትጎጂ!»

«ልቀቁኝ! ቀጠሮ አለኝ!»

«ሰማችሁ? ከሞት ጋር ቀጠሮ አለኝ ትላለች!» ልቅሶው በአዲስ ጉልበት ተነሣ።

«ከሐኪም ጋር ነው!» ሶሊ ጋቢውን ገለጠችው። ጉንጯ የቀላ ሕፃን ዐይኗን ለፀሐይ አጨንቁራ ታየች። እጆቹ አንድ በአንድ ላሉ።

ጋሼ ዱባለ በሰዎቹ መሃል አልፈው መጡ። ረጅም ናቸው፤ ኮታቸውን ሌሊቱ አጨማዶታል። ጎንበስ ብለው ሕፃኗን አዩ።

«ኮከብ በስልክ የምትነግረኝ ይቺ ናት? ደላላ ያለባት?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ዛሬ ካልሄደችስ?»

«የመድኃኒቷ ልክ አይታወቅም። ሁለት ቀን ደግሞ ተቋርጦባታል። ጋሼ፣ እንደ ነውር አይዩብኝ፣ ለእማዬ ሳላዝን ቀርቼ አይደለም...»

እትዬ ወርቅዬ አንድ እግራቸው ላይ የራሳቸውን፣ አንዱ ላይ የዮኤልን ነጠላ ጫማ አጥልቀው ከድንኳኑ እየሮጡ ደረሱ። «ተለውጣለች በሏት እንጂ፣ አቶ ዱባለ! ኮከብ እኮ በነፍሷ...»

«ወርቅዬ» አሉ ጋሼ ዱባለ በእርጋታ፣ «ነፍሱን ለሰው ቤዛ የሰጠ አንድ ጌታ ነው። ደግሞ እኅቴን አውቃታለሁ። አንድ አጠና እንኳ ሳትከራከር ሰጥታ አታውቅም። ነፍሷን በመጀመሪያው ዋጋ ትሰጣለች?»

ከለቀስተኛው መሃል ሣቅ አመለጠ። ቀሚሷን የያዘችው አሮጊት ግን ገና አልለቀቀችም። «ቢሆንስ! ኀዘንተኛ በሠልስት ብቻዋን ከቤት ትወጣለች? በየት አገር?»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ ጋሼ ዱባለ። «ኀዘንተኛ ብቻዋን አትተውም።» ትንሽ አሰቡና ወደ አውቶብሱ ዞሩ። «በሉ ተሳፈሩ!»

«የት?»

«ከእሷ ጋር። እኛ የመጣነው ኀዘንተኛ ልናጽናና ነው፣ ድንኳን ልናጽናና አይደለም።»

ሌሊቱን ሙሉ የነዳው ሹፌር ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። «በቃ እኔም ዘመድ ሆኜ ቀረሁ» አለና ሞተሩን አስነሣ። ዮኤልም እየሮጠ ደርሶ ተንጠለጠለ። ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት እትዬ ወርቅዬ ብቻ ናቸው።

18 ማዞሪያ ላይ የሚጣሩት የታክሲ ረዳቶች አንድ አውቶብስ ሙሉ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ሲያዩ ዝም አሉ፤ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። የሆስፒታሉ ዘበኛ ደግሞ ከወንበሩ ተነሣ።

«ምን ደረሰባችሁ? ስንት ሰው ነው?»

«አንድ ሕፃን ናት፤ ደም ልትሰጥ ነው» አለች አሮጊቷ።

«ይሄ ሁሉ ሰው?»

«የእናቷ ወገን ገና አልመጣም።»

ኮሪደሩ ላይ ሶሊን ከአግዳሚው ጫፍ አስቀመጧት። ከዚያ ዘመዶቹ እንደ ወጉ እየተራመዱ፣ አንድ በአንድ እየጎነበሱ «ጌታ ያጽናሽ» አሏት። ይህን ያዩ ታካሚዎች ደግሞ ምን ያድርጉ? ሰው ኀዘን ላይ ተቀምጦ አይታለፍም። ክንዷ ላይ መርፌ የተለጠፈላት ሴት መጥታ «እግዜር ያጽናሽ» አለቻት። እግሩ በጀሶ የታሰረ ጎረምሳ በክራንቹ እየተንቋቋ መጣ። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ መጣች። ዘበኛውም ከበሩ መጣ። ማን እንደሞተ እንኳ የጠየቃት የለም። ሶሊ ሁለት ቀን እንቢ ያላት እንባ እዚያ ኮሪደር ላይ፣ የማታውቃቸው ሰዎች ፊት፣ ያለ ልክ ወረደ። ማንም የሰማይ ድምፅ አላወራላትም። ዝም ብለው ቆሙላት።

ስሟ ሲጠራ ገባች። ሐኪሟ ወረቀቷ ላይ አቀርቅራ ነበር።

«እማማስ ዛሬ የት ቀሩ? ደላላው ምን ሆነ ብለው እስኪጠይቁኝ ስጠብቅ...» ቀና ብላ ጥቁሩን ልብስ አየች። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ከዚያ ሐኪሟ ተነሥታ ጣቷን የሕፃኗ ጉንጭ ላይ አሳረፈች። «እዪው፣ መሃሉ ነጣ ነጣ ማለት ጀምሯል። እየሟሸሸ ነው። የጉበቷንም እናየዋለን።»

መርፌው ሲገባ ሆሳዕና አፏን ከፈተች። መጀመሪያ ምንም አልወጣም፤ ትንፋሽ እየሰበሰበች ነበር። ቀጥሎ የወጣው ጩኸት በሩን አልፎ፣ ኮሪደሩን አልፎ ግቢው ውስጥ ደረሰ። ውጭ የተቀመጠው የዳውሮ ዘመድ በአንድ ድምፅ «ኮከብ!» አለ። ጋሼ ዱባለ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ይሣቁ ያልቅሱ የለየ የለም።

ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሆርሞኑ ከሚፈለገው ትንሽ ዝቅ ብሏል። ሐኪሟ የክኒኗን ልክ አስተካከለች። «ሁለት ቀን ላይ መድረስሽ በጀ። ወር ሙሉ ሳታውቂ ብትቆዪ ኖሮ...» አለችና አልጨረሰችውም።

ሲመለሱ ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ወርቅዬ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የሠልስቱን ለቀስተኛ ሁሉ ሲቀበሉና ሲሸኙ የዋሉት እሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸው ተዘግቷል። ዘመዶቹ ወደ ውስጥ ገብተው ውሃ ሲጠጡ ሶሊ ሕፃኗን ታቅፋ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

«ምን አሉሽ?» አሉ እትዬ ወርቅዬ ከአግዳሚው።

«ደህና ናት። ክኒኗ ተጨመረላት።»

«ጮኸች?»

«የሆስፒታሉን ዘበኛ አስደነገጠችው።»

እትዬ ወርቅዬ ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። ተነሥተው መጡና አጠገቧ ተቀመጡ። ቀኝና ግራቸውን አዩ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም አላወራሁትም። ያለፈው እሑድ ከቸርች ስንመለስ ኮከብ መንገድ ላይ አቆመችኝ። ‹ወርቅዬ፣ ድንገት ብሞት ሶሊን ከልጅቷ ቀጠሮ እንዳታስቀሪያት። ፍራሽ ላይ ብትሆን እንኳ ጎትተሽ አውጫት› አለችኝ።»

ሶሊ ቀስ ብላ ዞረች። «እርስዎስ ምን አሏት?»

«ምን እላታለሁ? ‹አታሟርቺ!› አልኳት። ጆሮዬን ደፈንኩ፣ በሁለት እጄ። ‹አልሰማሁሽም› አልኳት። ‹ሰምተሻል› አለችኝ። ‹አልሰማሁም!› እስከ በራችን ድረስ እንደዚሁ ስንባባል መጣን።» ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ሳቡት። «እንዴት ሰማሁ ልበል፣ ልጄ? ከሰማሁማ መሞቷ ነው።»

ሶሊ ሕፃኗን ወደ ግራ ክንዷ አዛወረችና፣ በነጻው እጇ የእትዬ ወርቅዬን ጆሮ የሸፈነውን የነጠላ ጫፍ አንሥታ ትከሻቸው ላይ መለሰችላቸው።